ከጎረቤላ ሆኜ ደብረ ብርሃን የገባሁበት ዓርብ

የመሥሪያ ቤቴን ስም አልነግራችሁም። ደብረ ብርሃን መሆኑን፣ ጠዋት ጠዋት ከውስጡ ይልቅ ደጁ እንደሚሞቅ፣ በዚህም የተነሳ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ሠራተኛው ፀሐይ ከሚያርፍበት ግድግዳ ሥር ተደርድሮ እንደሚገኝ ከነገርኳችሁ ይበቃል። የለመደ ባለጉዳይ ቢሮ ገብቶ አይደክምም፤ በቀጥታ ወደ ግድግዳው መጥቶ ሰላምታ ሰጥቶ ጉዳዩን ይናገራል። አዲስ ባለጉዳይ ግን በሩን ከፍቶ ባዶ ወንበር ሲያይ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብሎ ራሱን አሳምኖ ይመለሳል። እኛም አንቃወመውም።

የእኔ ሥራ ለእጅ ሙያ ማኅበራት የድጋፍ ደብዳቤ መጻፍ ነው። አንድ ማኅበር የመሥሪያ ሼድ ሲጠይቅ ወረዳው «ከዞን የድጋፍ ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ» ይላል። ደብዳቤው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚቀየረው ስሙና ቀኑ ብቻ ነው። ጽፌ፣ አትሜ፣ አስፈርሜና ክብ ማህተም አስመትቼ ለመስጠት፣ ማህተም ያዡ ወጣ ካላለ፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። በቴክኖሎጂ ላሳጥረው የተነሳሁት እንግዲህ ይህን ሩብ ሰዓት ነው።

ጣጣውን ያመጣው ማኩ ነው። ሥራውን ጨርሶ የሄደ አንድ ፕሮጀክት ለመሥሪያ ቤታችን አንድ ማክ ላፕቶፕ ትቶ ነበር። ኃላፊያችን ይህን ማክ ከዋንጫዎችና ከምስክር ወረቀቶች ጋር ባለ መስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ያስቀምጡታል። እንግዳ ሲመጣ ይወጣና ጠረጴዛቸው ላይ እንደተከደነ ይቀመጣል፤ እንግዳው ሲሄድ ተወልውሎ ይመለሳል። ተከፍቶ ያየው ሰው አልነበረም። እኔ እንዲያውም መከፈቱን እጠራጠር ነበር።

አንድ ቀን ስብሰባ ላይ፣ አፌ አያርፍም፣ ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን ተናገርኩ። ሪሞት ዴስክቶፕ የሚባል ፕሮግራም ማኩ ላይ ከተጫነ፣ ሰው ለመስክ ወረዳ ወርዶ ጎረቤላም ይሁን እነዋሪ፣ ደብረ ብርሃን ቢሮው ያለውን ኮምፒውተር ማኩ ላይ ከፍቶ ፊቱ እንደተቀመጠ ሆኖ መሥራት ይችላል አልኩ። «ከእንግዲህ ቢሮ ማለት ወንበር ማለት አይደለም» ብዬም ጨመርኩበት። ይህን አነጋገር ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ከአፌ ሲወጣ ግን ለራሴም ደስ አለኝ። ሸለብ አድርጓቸው የነበሩት ኃላፊያችን ነቁ። ስለ ክፍቱ የቡድን መሪ ቦታ ሲያነሱ ሁለት ጊዜ ወደ እኔ ተመለከቱ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የቴክኖሎጂ ሰው ሆንኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ነገር፣ እንቢ ሲል አጥፍቶ ማብራትን ነበር።

ማኩን ለማውጣት የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ብቻ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። የንብረት ክፍሏን ወይዘሮ ጽጌን ረስቼ ነው። ወይዘሮ ጽጌ በመሥሪያ ቤታችን ከማንም በፊት የነበሩ፣ የወንበር እግር እንኳ ቢጎድል ማን እንደተቀመጠበት የሚያውቁ ሴት ናቸው። መዝገባቸውን ገልጠው ሲያዩ፣ ማኩና ቻርጀሩ ለየብቻ ነው የተመዘገቡት። ቻርጀሩ ወደ መዘዞ በተዛወረ ሠራተኛ ስም ወጪ ሆኗል። ሰውየው ስደውልለት ቻርጀሩን አልካደም፤ ከምን ጋር እንደሚገጥም ሳያውቅ እስካሁን በአደራ አስቀምጦታል። ለሳምንት ያህል ማኩ ደብረ ብርሃን፣ ምግቡ መዘዞ ሆነው ቆዩ።

ቻርጀሩ መጥቶ ማኩ ሲበራ ደግሞ የይለፍ ቃል ጠየቀን። የሚያውቀው ከፕሮጀክቱ ጋር የሄደው ባለሙያ ብቻ ነው። ስልኩን አፈላልገን ስናገኘው ክርስትና ቤት ነበር። ቃሉንስ ነገረን፤ ፕሮግራሙን ለማውረድ ግን ሌላ የማረጋገጫ ቁጥር በእሱ ስልክ ይላካል። ከጀርባው ሰው እየዘፈነ፣ እሱ ቁጥሩን እየጮኸ፣ እኔ በቀዘቀዘ ጣቴ እየጻፍኩ፣ ቁጥሩ ጊዜው አልፎበት ሌላ እየተላከ፣ አምስተኛው ላይ ተገናኘን። ሰውየው በዚያው «ግቡና ብሉ» ብሎ ጋበዘን። የሚኖረው አዳማ ነው።

የማክን ጠባይ ለመልመድም ጊዜ ወሰደብኝ። እጄ የለመደው ቁልፍ ሁሉ ቦታው ላይ የለም። በቀኝ በኩል መጫን ስፈልግ ሁለት ጣት አንድ ላይ ማሳረፍ እንዳለብኝ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ሁለት ቀን በአንድ ጣት ስደበድበው ከረምኩ። ፕሮግራሙ በመጨረሻ ሲከፈት የመጀመሪያ ጥያቄው የቢሮዬ ኮምፒውተር ስም ማን ነው የሚል ሆነ። ኮምፒውተሬ ስም እንዳለው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። የአይሲቲ ባለሙያችን መጥቶ ስሙን ፈለገልኝ፤ ከሩቅ የሚያስገባውንም መንገድ አበጀልኝና ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሮጠ። እሱ ለአራት መሥሪያ ቤት አንድ ነው። የኮምፒውተሬ የይለፍ ቃል ግን ችግር አልነበረም። ከቁልፍ ሰሌዳው ሥር በወረቀት ተለጥፏል፤ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር መጀመሪያ የሚነገረው እሱ ነው።

የሙከራው ዕለት ማኩን ይዤ ቀጥሎ ያለው ክፍል ገባሁ። ሠራተኛው ግድግዳውን ትቶ ተከተለኝ፤ ይህ ራሱ ታሪክ ነው። ስሙን ጻፍኩ፣ ቃሉን ጻፍኩ፣ የራሴ ኮምፒውተር ከነፋይሎቹ ማኩ ላይ ብቅ አለ። ተጨበጨበ። ወይዘሮ ጽጌ ብቻ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሁለቴ ተመላልሰው ካዩ በኋላ፣ ለዚህ ለዚህማ ሰባት እርምጃ ነው፣ በእግርህ አትሄድም ነበር ወይ አሉ። ኃላፊያችን ግን ይህን አልሰሙም። የዞን እንግዶች በተገኙበት ጎረቤላ አዳራሽ ዓርብ ከሰዓት በይፋ እንዲታይ ወሰኑ፤ ባነርም አዘዙ።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ።

ማክሰኞ ዕለት እትዬ አስካለ መጡ። እትዬ አስካለ ጎረቤላ ውስጥ ከበግ ጠጉር ምንጣፍ የሚሠሩ የአምስት ሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። የሚሠሩት በእሳቸው ቤት ነው፤ ቤቱ ያፈሳል፤ ባለፈው ክረምት ተሠርቶ ያለቀ ምንጣፍ በስብሶባቸዋል። ወረዳው አንድ ሼድ አዘጋጅቷል፤ ምዝገባው የሚያበቃው ዓርብ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው፤ የጎደላቸው የእኔ ደብዳቤ ብቻ ነው። ደብዳቤውን ፊታቸው ጽፌ፣ የዕለቱን ቀን አስገብቼ ጨረስኩ። ላትመው ስል ኃላፊያችን በበሩ ብቅ ብለው በጣታቸው ጠሩኝ። ዓርብ ለማሳያ የሚሆን ባለጉዳይ ያስፈልገናል፤ ያውም የጎረቤላ ሴት፤ ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል አሉኝ። እኔም የቡድን መሪውን ቦታ አስቤ ተመለስኩና ደብዳቤው ለዓርብ ይደርሳል፣ እዚያው አገርዎ ድረስ እናመጣልዎታለን፣ ከእንግዲህ ደብረ ብርሃን ድረስ አይንገላቱ አልኳቸው።

«ምዝገባው እኮ ዓርብ ያበቃል ልጄ» አሉ።

«እናውቃለን እትዬ፤ አያስቡ» አልኩ።

እሳቸውም መርቀውኝ ሄዱ። ሩብ ሰዓት የሚፈጀውን ደብዳቤ ለቴክኖሎጂ ሲባል ሦስት ቀን አቆየሁት።

ሐሙስ ማኩን ከግቢ ለማስወጣት ወይዘሮ ጽጌ ዘንድ ቀረብኩ። ሞዴል የሚሉትን የንብረት ማውጫ ቅጻቸውን ዘርግተው ብዕር አነሱ።

«የሚወጣው የትኛው ነው?»

«ማኩ ነው የሚወጣው። የጠረጴዛው ኮምፒውተር እዚሁ ይቀራል።»

«ጎረቤላ ላይ የምታሳየውስ የትኛውን ነው?»

«የጠረጴዛውን።»

«እንግዲያው ወጥቷል።»

ማኩ መስኮት ነው፣ ኮምፒውተሩ ቤት ነው፣ በመስኮት ያዩት ቤት አይነቃነቅም እያልኩ ግማሽ ሰዓት አስረዳኋቸው። አዳምጠው ሲያበቁ ለሁለቱም አስፈረሙኝ። ማኩ በአካል፣ ኮምፒውተሩ በዓይን መውጣቱን በማሳሰቢያው ላይ ጽፈውበታል። ያን ወረቀት ዛሬም አስቀምጨዋለሁ።

ዓርብ ጎረቤላ በጉም ተሸፍናለች። አዳራሹ ፊት ለፊት «ርቀት ለአገልግሎታችን እንቅፋት አይሆንም» የሚል ባነር ተሰቅሏል። ርቀቱ እንቅፋት የሆነባቸው እንግዶች ስምንት ሰዓት የተባለውን ስምንት ከአርባ ደረሱ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው መድረኩ ላይ ከጎኔ ወንበር ተሰጥቷቸዋል፤ ከፊታቸው አበባና የታሸገ ውሃ አለ። ኃላፊያችን ረጅም ንግግር አደረጉ። እኚህ እናት ለአንድ ወረቀት ሲሉ ብርድና ዝናብ ሳይሉ እንደሚመላለሱ፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን ይህ እንደሚቀር ተናገሩ። እትዬ አስካለ የግድግዳውን ሰዓት ያያሉ።

ማኩን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘሁ። ኢንተርኔቱ ከእኔ ስልክ ነው የሚመጣው፤ ስልኩ ላይ ጥሪ ከመጣ ወይም እኔ ከደወልኩ ይቋረጣል። ስሙን ጻፍኩ፣ ቃሉን ጻፍኩ፣ ጠበቅኩ። ኮምፒውተሩ አልተገኘም የሚል ጽሑፍ በግድግዳው ሙሉ ወጣ። ደግሜ ሞከርኩ፤ አልተገኘም። ኃላፊያችን ለእንግዶቹ ሲስተሙ እየሞቀ ነው አሉ። ይህስ ደብረ ብርሃን ላለ ነገር ሁሉ ልክ ስለሆነ ማንም አልጠየቀም።

ኢንተርኔቱን ሠውቼ ወይዘሮ ጽጌ ጋ ደወልኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ቤት ሠራተኛ ለመስክ ሲወጣ ኮምፒውተሩ ከሶኬት ይነቀላል፤ አቧራ እንዳይገባበት ጨርቅ ይለብሳል፤ በሩ ይቆለፋል፤ ቁልፉም ንብረት ክፍል ይገባል። ይህ ደንብ ነው፤ ወይዘሮ ጽጌ ደግሞ ደንብ አይዘሉም። እኔም የመስክ ቅጽ ሞልቼ ወጥቻለሁ። ስለዚህ በይፋ የምከፍተው ኮምፒውተር ተነቅሎ፣ ባለ አበባ ጨርቅ ለብሶ፣ ተቆልፎበት ተቀምጧል። እባክዎ ይሰኩት፣ ያብሩት፣ ደግሞም አጠገቡ ተቀምጠው አንድ ነገር እንዳይሆን ዓይንዎን አይንቀሉበት አልኳቸው። እሺ አሉ። እሳቸው እሺ ካሉ እሺ ነው።

ይህ ፕሮግራም አንድ ጠባይ አለው፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው አያስተናግድም። እኔ ከጎረቤላ ስገባ ደብረ ብርሃን ያለው ስክሪን ይቆለፋል። እዚያ ያለ ሰው የይለፍ ቃሉን ከጻፈ ደግሞ ስክሪኑ ለእሱ ይከፈትና እኔን ያስወጣኛል። ይህን አሁን አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ገባሁ። የቢሮዬ ስክሪን በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ሰፍቶ ታየ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። ደብዳቤው ያለበትን ፎልደር ስፈልግ ስክሪኑ ድንገት ጠፋና ሌላ ሰው ስለገባ ወጥተዋል የሚል እንግሊዝኛ መጣ። ተመልሼ ገባሁ። አሥር ሰከንድ ቆየሁ፤ ወጣሁ። እንደገና ገባሁ፤ ወጣሁ። እንግዶቹ ጽሑፉ ምን እንደሚል ሲጠይቁ ኃላፊያችን የደህንነት ጥበቃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ለማሳየት ሆን ብለን ያዘጋጀነው ነው አሉ። አንደኛው እንግዳ ማስታወሻ ያዘ። እኔ በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ። በገባሁ ቁጥር ፎልደሩ ጋ ልደርስ አንድ እርምጃ ሲቀረኝ የሆነ ኃይል ኮሌታዬን ይዞ ወደ ጎረቤላ ይወረውረኛል። ሰባት ጊዜ ገብቼ ሰባት ጊዜ ተባረርኩ።

በዚህ መሃል የኃላፊያችን ስልክ ጮኸ። ወይዘሮ ጽጌ ናቸው። ኃላፊያችን የምስራች መስሏቸው እንግዶቹም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርገው ወደ ማይኩ አስጠጉት።

«ጌታዬ፣ አይጨነቁ» አሉ ወይዘሮ ጽጌ በአዳራሹ ሙሉ። «አንድ ሌባ ከሌላ ቦታ ሆኖ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሊገባ ይታገላል። እኔ በገባ ቁጥር ቃሉን እየጻፍኩ አስወጣዋለሁ። ሰባት ጊዜ አስወጥቼዋለሁ፤ አሁን ደክሞታል መሰለኝ።»

ስልኩን ተቀበልኩ።

«ወይዘሮ ጽጌ፣ ሌባው እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ምን ጎደለህ ልጄ?» አሉ በሐዘን።

የአዳራሹ ሳቅ ጋብ እስኪል ኃላፊያችን አበባውን ሲያስተካክሉ ቆዩ። እኔ ግን ግድ አልነበረኝም፤ ወይዘሮ ጽጌ እጃቸውን ሰብስበው እንዲቀመጡ ለመንኩና ገባሁ። በዚህ ጊዜ የሚያስወጣኝ አልነበረም። ደብዳቤው ተከፈተ፤ የእትዬ አስካለ ስም ከነአባታቸው፣ የማኅበሩ ስም፣ ሁሉም ግድግዳው ላይ ክንድ በሚያክል ፊደል ታየ። እንግዶቹ ተነስተው አጨበጨቡ። ፎቶ ተነሳን። በእኔና በእትዬ አስካለ መሃል ማኩ አለ። ኃላፊያችን ማይኩን ወደ እሳቸው አዞሩና በዓይንዎ አዩ አይደል እናቴ አሏቸው።

«አየሁ» አሉ። «ልውሰደው?»

አትም የሚለውን ተጫንኩ። ተጫንኩና እንደ አዳራሹ ሰው ሁሉ እኔም ዙሪያዬን ማየት ጀመርኩ፤ ወረቀቱ በየት እንደሚወጣ አላሰብኩበትማ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ወንበርና ባነር ነው። የኃላፊያችን ስልክ እንደገና ጮኸ፤ አሁን ማንም ወደ ማይክ አላስጠጋውም፤ ኃላፊያችን ለእኔ አቀበሉኝ።

«ማተሚያው አንድ ወረቀት አወጣ» አሉ ወይዘሮ ጽጌ። «ይኼም አንተ ነህ?»

እኔ ነበርኩ። ሩብ ሰዓት የሚፈጅ ደብዳቤ በአንድ ወር ዝግጅት፣ በአንድ ማክ፣ በአንድ ፕሮጀክተርና በአንድ ባነር ኃይል ከጎረቤላ ታትሞ፣ ማክሰኞ ሊወጣበት ከነበረው ማተሚያ፣ ማክሰኞ ሊወጣ በነበረበት ክፍል ወጣ። ፊርማ የለው፣ ማህተም የለው። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል አልፏል። ኃላፊያችን ጠጋ ብለውኝ ዋናው መታየቱ ነው፣ ሪፖርቱ ላይ አገልግሎቱ የወሰደው ጊዜ በሚለው ቦታ «ወዲያውኑ» ብለህ ሙላ አሉኝና እንግዶቹን ይዘው ወደ መስተንግዶው ሄዱ። የጾም በያይነቱ ታዟል።

አዳራሹ ውስጥ እኔና እትዬ አስካለ ቀረን።

«ልጄ፣ ወረዳው እኮ ማየት አይበቃውም» አሉ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይቀለኝ ነበር። የእነዚያ አምስት ሴቶች ሼድ ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ለሌላ ይሰጣል፤ ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ማኩን ዘጋሁና ስልኬን ለስልክነቱ ተጠቀምኩበት። ነገሩን ለወይዘሮ ጽጌ ከማክሰኞ ጀምሮ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ደንብ ይጠቅሱልኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ደብዳቤውን እጃቸው ላይ ይዘው መራመድ ጀምረዋል፤ የጫማቸው ድምፅ ይሰማኛል።

«ምክትሉ አለ፣ ይፈርማል። ማህተሙም አለ። መናኸሪያ የጎረቤላ ሚኒባስ እየሞላ ነው፤ ለሹፌሩ እሰጠዋለሁ። አውቀዋለሁ፣ የእህቴን ቅቤ የሚያመጣልኝ እሱ ነው» አሉ።

«ሞዴል አይሞላለትም?» አልኩ፤ በዚያ ሰዓትም አፌ አያርፍም።

«ደብዳቤ ንብረት አይደለም» ብለው ዘጉብኝ።

መንገድ ዳር ወጥተን ቆምን። ጉሙ ወርዶ ከሃያ ሜትር በላይ አያሳይም። ማኩን ከጃኬቴ ሥር አቅፌዋለሁ፤ በዓይን ያስወጣሁትስ ደብረ ብርሃን አለ፤ በአካል ያስወጣሁትን ካጣሁ ግን አለቀልኝ። እትዬ አስካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከዘንቢላቸው የበግ ጠጉር አውጥተው መፍተል ጀመሩ። መኪና በመጣ ቁጥር እነሳለሁ፤ አይሱዙ ይሆናል፣ የእንግዶቹ መኪና ይሆናል። ኃላፊያችን ከመስታወት ውስጥ በአውራ ጣታቸው ጎበዝ አሉኝና አለፉ። አሥር ሰዓት ሆነ፤ አሥር ተኩል ሆነ። እትዬ አስካለ ሰዓት አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን በየደቂቃው እነግራቸዋለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ሚኒባሱ ከጉሙ ወጣ። ሹፌሩ ሳይወርድ በመስኮቱ አስካለ የሚባሉት ማናቸው አለና ከፊት መስታወቱ ሥር የነበረውን ፖስታ ዘረጋልን። ፊርማው አለ፤ ክብ ማህተሙ አለ፤ ቀለሙ አልደረቀም። ምን ልክፈል ስለው ምን ይከፈላል፣ አንድ ወረቀት አይደል አለኝ። የወረዳው ቢሮ እስክንደርስ ሮጥን ማለት ይቻላል። እኔ ነኝ ያለከለክሁት።

የመዝገቡ ሹም ኮቱን ለብሶ ሊወጣ ነበር። ደብዳቤውን ተቀብሎ አነበበ፤ ቀኑ ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

«እናቴ፣ ይኼ የማክሰኞ ደብዳቤ ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ ይዘውት የት ነበሩ? ሁልጊዜ እንዲህ እያዘገያችሁ ነው እኛን የምታስጨንቁን።»

አፌን ከፈትኩ። እትዬ አስካለ እኔን እንኳ አላዩኝም።

«ጥፋቱ የኔ ነው። መዝግበኝ» አሉ።

መዘገባቸው። ፈረሙ፤ ቁጥር ተሰጣቸው፤ ወረቀቷን አራት አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት። ደጅ ወጣን። ደብዳቤውን ያቆየሁት እኔ ሆኜ ሳለ ለምን ጥፋቱን እርስዎ ወሰዱ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አንተን ሲቆጣ አሥራ አንድ ተኩል ይሆንብኝ ነበር» አሉ።

ማክሰኞ የሆነውን ልነግራቸው ስጀምር በእጃቸው አቋረጡኝ። «አውቃለሁ። የዛን ዕለት ስሜ ተጽፎ አይቼዋለሁ፤ ፊቴ አይደል የጻፍከው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ምን ልበል ልጄ? ዓርብ አልከኝ፤ ብቆጣህ ለሚቀጥለው ዓርብ ትለኝ ነበር» ብለው ዘንቢላቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው አቀኑ።

ተሳስተዋል ልላቸው አልቻልኩም። እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ቢቆጡኝ ኖሮ የምላቸው «ከበዓል በኋላ ይምጡ» ነበር።